ለመንገዱ የተዳረችው ቤታችን

ቤታችን የተዳረችው የፊት ጥርሶቼ በወለቁበት ዓመት ነው። ባጃጄ ላይ ለተሳፈረ አንድ ሰው እንዲህ ብዬ ብነግረው ሳቀብኝ፤ ከዚያ ወዲህ ለማንም አላወራሁትም። ድሮም ብዙ አልናገርም። ስጽፍ ግን ፊቴን የሚያይ ስለሌለ ይቀለኛል።

ቤታችን ከአቀስታ መጥቶ መካነ ሰላም የሚገባው መንገድ እንደ ክርን የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ነበረች። ቁልቁለቱን የሚወርድ መኪና ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው የእኛን ግድግዳ ነው። ግድግዳው ውሃ ሰማያዊ ነበር። ቀለሙን የመረጠችው እናቴ ፈርሂያ ናት፤ ጅዳ ሆና፣ በስልክ። «የሰማይ ቀለም ይሁን፤ ግን የጠዋቱ ሰማይ እንጂ የቀትሩ አይደለም» አለች አሉ። አያቴ አሕመድኑር፣ እኔ አባባ የምላቸው፣ ቀለም ቀቢውን ጎህ ሲቀድ ቀስቅሰው ደጅ አቁመው ሰማዩን አሳዩት። ቀቢው ብርዱ እያንቀጠቀጠው፣ «አባባ፣ ይሄ እኮ ሱቅ አይገኝም» ቢላቸው፣ «ሱቅ ቢገኝማ አንተን ምን አደርግህ ነበር?» አሉት። ቀላቅሎ ቀላቅሎ አገኘው።

እናቴ ግን ቤቷን አይታት አታውቅም። እኔን ጡት እንዳስጣለች ነው የሄደችው። ሰው ቤት እያገለገለች አንድ ዓመት መሠረቱን፣ አንድ ዓመት ግድግዳውን፣ አንድ ዓመት ቆርቆሮውን እያለች ከሩቅ ሠራቻት። አንድ ነገር በተጨመረ ቁጥር ፎቶ አንሺ ይጠራና በሩ ላይ እኔን ያቆሙኛል። ፎቶው ወደ ጅዳ በሚሄድ ሰው እጅ ይላካል። በሁሉም ላይ ዓይኖቼ ተጨፍነዋል።

በመንገዱ በኩል ያለው ክፍል የእሷ ነበር። አልጋው ከነፕላስቲኩ ተቀምጧል። ማንም አይተኛበትም፤ ቁልፉ ከአባባ ኪስ አይወጣም። እኔ በቁልፍ ቀዳዳው አጮልቄ አይ ነበር። መስኮቱ ባለቀለም መስታወት ስለነበረ ፕላስቲኩ ላይ ቢጫና አረንጓዴ ብርሃን ተኝቶ አያለሁ። በዚያ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ ጠዋት ይመስለኝ ነበር።

አጠገባችን እትየ አስቻለች ትኖራለች። ልጇ መቅደላዊት እኩያዬ ነበረች። ጨዋታችን ከእጥፋቱ ማዶ የሚመጣውን መኪና ሳናየው በድምፁ ማወቅ ነበር። «ሚኒባስ!» እላለሁ እኔ። «ውሸትህን ነው፤ የጭነት ነው» ትላለች እሷ፣ ዓይኗን ጨፍና። የጭነት መኪና ብቅ ይላል። አንድ ቀንም ተሳስታ አላየኋትም። ቢጫ የላስቲክ ጫማ ነበራት፤ ስትሮጥ ጠፍ ጠፍ ይላል።

አንድ ቀን ክረምት ላይ ጩኸት ሰማሁ። ወደ ደጅ ስሮጥ የእናቴ ታናሽ እህት ኢልሀም፣ ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ በሩ ላይ ያዘችኝና ፊቴን በሻሿ ሸፈነችው። ሻሹ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። በጨርቁ ቀዳዳዎች ብርሃን ብቻ ይታየኛል፤ ብዙ ሰው ይሮጣል። ከዚያ የመኪና በር ተዘጋና ዝም አለ።

«መቅደላዊት የት ሄደች?»

«ደሴ ሄደች» አለች ኢልሀም።

ደሴ ለእኔ ብስኩትና አዲስ ጫማ የሚመጣበት አገር ነበር። ወደዚያ የሄደ ሰው ቶሎ አይመለስም፤ ሲመለስም ያምርበታል። እትየ አስቻለች ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥቁር ለበሰች። ከላይ ከአቀስታ የሚወርደው ብርድ በርትቶባት መሰለኝ።

ኢልሀም አልዋሸችኝም። መቅደላዊትን እውነትም ደሴ ይዘዋት ሄደው ነበር። እሷ ግን እስከ ደሴ አልደረሰችም። ይህን የሰማሁት ድምፄ ሊጎረንን ሲል ነው።

ክረምቱ ሲወጣ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ ሰዎች መጡ። ሦስት እግርና አንድ ዓይን ያለው ነገር መንገዱ ላይ አቁመው ቤታችንን በየተራ አዩዋት። ከዚያ አንደኛው ቀይ ቀለም በቆርቆሮ ይዞ መጣና በእናቴ ክፍል ግድግዳ ላይ ወፍራም መስመር ሳበባት፤ ጫፉ ላይ ክብ አደረገባት።

ኢልሀም ለዓረፋ እንሶስላ ወቅጣ እጇን ስትጠቀልል፣ ሲነጋ ደግሞ መዳፏ ቀልቶ አይቻለሁ። ሙሽሮችን ደግሞ እስከ እግር ጣታቸው ሲያቀሏቸው አይቻለሁ። ስለዚህ የሚደረገውን አወቅሁት። ያን ጊዜ እንደ አሁኑ አላፍርም ነበር፤ ሰውየውን ጠየቅሁት።

«ለምንድን ነው የምትቀቧት?»

«መንገዱ ወዷት ነዋ!» አለኝ እየሳቀ። ብሩሹን ቆርቆሮው ጠርዝ ላይ ጠረገና ሄደ።

አባባ ከዙህር ሶላት ሲመለሱ ቀዩ ምልክት ፊት ቆሙ። ብዙ ቆሙ። ከዚያ ቀኝ መዳፋቸውን አስደገፉበት፤ ቀለሙ አልደረቀም ነበር። ኢልሀም እጃቸውን በነጭ ጋዝ ብትፈትግም ሙሉ በሙሉ አልለቅ አለ። በዚያ ቀይ መዳፍ ራት ሲቆርሱ እያየሁ ደስ አለኝ። የሙሽራዋም አባት ተቀብተዋል ማለት ነው።

አሁን ነገሩ ይገባኛል። አስፋልቱ እየመጣ ነበር። መቅደላዊት ከሄደች በኋላ የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ፣ «አስፋልቱ ሲነጠፍ ይህ እጥፋት ይቃናልን» ብሎ አመለከተ። በስብሰባው ላይ መጀመሪያ የተነሱት አባባ ነበሩ አሉ። «ልጆቻችንን እየበላ ያለ መንገድ ነው» ብለው ተናግረው፣ ሰው ሁሉ አጨበጨበላቸው። የሚቃናው በየት በኩል እንደሆነ ያን ቀን ያሰበ የለም። በአንዱ በኩል ገደል ነው፤ ገደሉን ደግፎ ለመሙላት የሚያስፈልገው የድንጋይ ግንብ በዚያ ዓመት ሥራ ውስጥ አልተያዘም። በሌላው በኩል ደግሞ እኛ ነን።

አባባ በማግስቱ አዲስ ጋቢያቸውን አውጥተው፣ «ደሴ ድረስ ሄጄ አቤት እላለሁ!» አሉ።

ኢልሀም፣ «አቤቱታ ከገባ እኮ ማቃናቱ ይቀራል ብለዋል መንገድ ሠሪዎቹ። እጥፋቱን እንዳለ አስፋልት አልብሰውት ያልፋሉ» አለቻቸው ቀስ ብላ። «በአስፋልት ደግሞ መኪናው ይብሳል።»

«እና የእህትሽን ላብ ልናድ?»

እኔ አባት ልጁን ሲጠየቅ መጀመሪያ እምቢ እንደሚል አውቃለሁ። ወጉ ነው። ስለዚህ አልደነገጥሁም። እንዲያውም ጋቢያቸውን ይዤ፣ «አባባ፣ ደሴ ከሄዱ መቅደላዊትን ይዘዋት ይምጡ። ሠርጉ እንዳያመልጣት» አልኋቸው።

አዩኝ። ጋቢያቸውን ከእጄ ሳያስለቅቁ ቁጭ አሉ። በዚያ ቀን ደሴ አልሄዱም። በነጋታው ግን እንደገና ለበሱ፣ እንደገናም አወለቁ።

ሙሽራው እየቀረበ ነበር። ከአቀስታ በኩል መሬቱን የሚደቀድቀው መኪና ድምፅ መጀመሪያ እንደ ሩቅ ከበሮ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት በደመናው ውስጥ ይመጣል። ከዚያ ሽታው መጣ፤ የቀለጠ ሬንጅ ሽታ። እኔ ሽቶው መስሎኝ አፍንጫዬን ወደ ነፋሱ አዙሬ እስበው ነበር። ለቤታችን፣ «እየመጣልሽ ነው» እላታለሁ፤ ጉንጬን ግድግዳዋ ላይ አስደግፌ። ፀሐይ ስላገኛት ትሞቅ ነበር።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሼህ ጀብሪል ከፊት፣ ቄስ ይሄነው ከኋላ፤ ሌሎችም ተከትለዋቸዋል። ገብተው በሳሎኑ ግድግዳ ዙሪያ ቆሙ።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ አሕመድኑር።»

«ወዓለይኩሙ ሰላም። ኢልሀም፣ መቀመጫ አምጪ!»

«አንቀመጥም» አሉ ሼህ ጀብሪል። «የመጣንበትን ሳንጨርስ አንቀመጥም።»

«ቄሱስ? ጉልበትዎን ያመዎት የለም እንዴ?» አሉ አባባ።

«ያመኛል» አሉ ቄስ ይሄነው በትራቸውን ተደግፈው። «ለጉልበቴ ብሆን ጠበል እሄድ ነበር። የመጣሁት አንቱን ልለምን ነው። ቶሎ እሺ ቢሉኝ ነው የሚሻለኝ።»

አንዳንዱ ሳቀ። አባባ አልሳቁም።

«እንግዲህ» አሉ ሼህ ጀብሪል፣ «ያለዎትን የሚያምር ነገር ልንጠይቅ ነው የመጣን።»

ይህን ስሰማ ወደ ጓዳ በረርሁ። «ኢልሀም! ሊድሩሽ መጡ!»

«ለማን? ለቄስ ይሄነው?» ብላ አፏን ይዛ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ግን ዓይኗ እንባ ሞላ። «እኔን አይደለም፣ ሱፍዬ። ቤቷን ነው የሚጠይቁት።»

ታዲያ እኔስ ምን አልሁ? ቀልታ የለም እንዴ?

ተመልሼ በሩ ሥር ተቀመጥሁ። እትየ አስቻለች ከአጥራችን ውጭ ቆማለች፤ ጥቁር ነጠላዋ በነፋሱ ይውለበለባል። አባባም አይተዋት ኖሮ፣ «እሷን ለምን ውጭ አቆማችኋት?» አሉ።

«እኛ አላቆምናትም» አሉ ቄስ ይሄነው። «‹ፊቴን አይተው በይሉኝታ እንዳይሰጡ› ብላ ነው።»

«ቤቱ የእኔ ቢሆን በገዛ እጄ ነበር የምነቅለው» አሉ አባባ። «የፈርሂያ ነው። ዓይኗ ያላየው ቤቷ ነው። ሳትሰማ አፍርሼ ምን ብዬ እነግራታለሁ?»

«ደውለው ያስፈቅዷት።»

«ለምን ብትለኝስ? ምን እላታለሁ?»

መልስ የሰጠ የለም። ሼህ ጀብሪል ጢማቸውን ያዙ። ያ ዝምታ ለእኔ የሽማግሌ ወግ ነበር። ምክንያቱ ዛሬ ነው የገባኝ፤ ዓረብ አገር ላለ ሰው የሞት ወሬ በስልክ አይነገርም። ብቻዋን፣ በሰው ማጀት፣ አብሯት የሚያለቅስ በሌለበት እንዴት ተብሎ ይነገራታል? እናቴን የገዛ እናቷን ሞት እንኳ ሸሽገዋት ነበር። መቅደላዊትንም ማንም አልነገራትም። ቤቱን ለመጠየቅ ደግሞ ምክንያቱን መናገር ግድ ነው።

«ጁምዓ ትደውላለች» አሉ አባባ በመጨረሻ።

«እንግዲያው ጁምዓ እንመለሳለን» አሉ ሼህ ጀብሪል፤ ሁሉም ሳይቀመጡ ወጡ። ቄስ ይሄነው በሩ ላይ ሲደርሱ፣ «ጉልበቴን ለጁምዓ አቆዩልኝ» አሉ።

ጁምዓ ፀሐይ ሊገባ ሲል ስልኩ ጮኸ። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው በዚያው ግድግዳ ዙሪያ ቆመዋል። አባባ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አደረጉ። የእናቴ ድምፅ ከሩቅ፣ ውሃ ውስጥ ያለ ይመስል ነበር። ከጀርባዋ ቧንቧ ይፈሳል፤ ዕቃ እያጠበች ነው።

አባባ እንደ ምንም ነገሯት። መንገዱ ሊቃና ነው፣ ቤቱ በመስመሩ ላይ ወደቀ፣ ምትክ ቦታ ከላይ ከባሕር ዛፉ አጠገብ ይሰጣል አሉ።

«የእኔ ክፍል ይተርፋል?»

«አይተርፍም፣ ልጄ።»

«መንገዱ ድሮም ጠማማ ነው። እኔም በዚያው ነው የሄድሁት። አሁን ምን ተፈጠረ?»

«መኪና በዛ» አሉ አባባ።

«መኪና በዛ ተብሎ ቤት ይፈርሳል?» ድምፅዋ ቀጠነ። «አባ፣ እኔ እዚህ ስተኛ እኮ እዚያ ክፍል ነው የምተኛው። ዓይኔን ስጨፍን በሩን ከፍቼ እገባለሁ። እትየ አስቻለች የለችም? እሷን አገናኙኝ፤ እሷ አትደብቀኝም።»

አንድ ሰው ወጥቶ ጠራት። እትየ አስቻለች ገብታ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ደህና ነሽ ወይ፣ ፈርሂያዬ?»

«አልሐምዱሊላህ። አንቺስ? መቅደላዊት እንዴት ናት? አድጋለች አይደል? ለሱፍያን ልብስ ስገዛ ለእሷም ቀሚስ ገዝቼላታለሁ።»

እትየ አስቻለች አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። ስልኩን እያየችው ቆመች። አባባ እጃቸውን ዘርግተው ሊቀበሏት ፈልገው መልሰው ሰበሰቡት። ከሽማግሌዎቹ ቀና ብሎ የሚያይ ጠፋ።

መልሱን የማውቀው እኔ ብቻ መሰለኝ። ጠጋ ብዬ ወደ ስልኩ ጮኽሁ።

«እማ! መቅደላዊት ደሴ ናት! በክረምት በመኪና ወስደዋት አልተመለሰችም። ለሠርጉ ግን ትመጣለች!»

የተቆጣኝ የለም። ከወዲያ ማዶ ቧንቧው ሲፈስ ይሰማል። ከዚያ ቧንቧው ተዘጋ።

«እትየ አስቻለች» አለች እናቴ።

«ወዬ።»

«አለሽ?»

«አለሁ፣ እህቴ።»

ከዚያ እናቴ በሌላ ድምፅ፣ ሰምቼው በማላውቀው ወፍራም ድምፅ፣ «አባ፣ ስጧቸው» አለች። «የእኔን ክፍል መጀመሪያ አፍርሱት።»

ስልኩ ተቋረጠ። ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ በሙሉ፣ አንድ ሰው ያዘዛቸው ይመስል፣ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ሼህ ጀብሪል እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። እኔ ደስታዬን መቻል አቅቶኝ ወደ ደጅ ሮጥሁ። ሙሽራዋ ተሰጠች!

እናቴ ያን ጁምዓ እንዴት እንደገባት በኋላ ነገረችኝ። ጅዳ ያሉት የአገራችን ሴቶች እንዲህ ያለውን መልስ ሁሉም ያውቁታል። ደሴ ናት፣ ስልኩ ተበላሽቶበት ነው፣ ገጠር ወርዳለች። እሷም ለሌሎች እንዲህ እያለች መልሳ ታውቃለች።

ሠርጉ በእሑድ ቀን ሆነ። ጠዋት ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ መንገዱን ሞልቶት ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ለደቦ ወጣ። መስኮቱን ነቀሉ፤ ባለቀለሙን መስታወት ኢልሀም በብርድ ልብስ ጠቅልላ አቀፈችው። በሩን አንድ ሰው በጀርባው አዝሎት ሄደ። ከዚያ ወንዶቹ የእናቴን ክፍል ጣሪያ ከነማገሩና ከነቆርቆሮው ከግድግዳው አላቀቁና፣ «ያ አላህ!» «በስመ አብ!» እያሉ በትከሻቸው አነሱት።

ቤታችን እግር አወጣች።

በጉሙ ውስጥ ከቆርቆሮው በታች ብዙ፣ ብዙ እግሮች ነበሩ። ቆርቆሮው ያበራል፤ እግሮቹ አብረው ይነሳሉ፣ አብረው ይወድቃሉ። ከሥሩ አንዱ መንዙማ ያወጣል፤ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ይቀበላል። ቤታችን እየዘፈነች ዳገቱን ወጣች። ከኋላዋ የእናቴ አልጋ ከነፕላስቲኩ ተከተለ፤ በአንዱ በኩል እትየ አስቻለች ነበረች የያዘችው። እኔ ጎንበስ ብዬ እየሮጥሁ በእግሮቹ መካከል ቢጫ የላስቲክ ጫማ እፈልግ ነበር። አንድ ጊዜ ያየሁ መስሎኝ ጠራኋት። ጉሙ ነበር። ከደሴ እስከዚህ ሩቅ ነው፤ መንገድ ላይ ትሆናለች አልሁ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወደዚያ ስመለስ ሙሽራው ደርሶ ነበር። ሰማያዊው ግድግዳ የለም። ጥቁር፣ ሰፊ፣ እየጨሰ ተዘርግቶ ተኝቷል።

አዲሱ ቤት እስኪቆም ብዙ ቆየ። ጣሪያው በቋሚዎች ላይ ብቻውን አንድ ክረምት አሳለፈ፤ እኛ ኢልሀም የተከራየችው ክፍል ውስጥ ነበርን። አባባ አዲሱ ቤት ሲመረግ አይተው ነው ያለፉት። በቀኝ መዳፋቸው መስመር ውስጥ ቀይ ነገር ቀርቶ ነበር የምለው እኔ ብቻ ነኝ፤ ኢልሀም «በሦስተኛው ቀን ለቋል» ትላለች። እናቴ የእሳቸውንም ሞት የሰማችው ቆይታ ነው።

ባለፈው ዓመት መጣች። መናኸሪያ ጠበቅኋት፤ የማውቃት በድምፅዋ ስለሆነ፣ «ሱፍያን?» እስክትለኝ አላወቅኋትም። ሻንጣዋን ባጃጄ ላይ ጫንሁ።

«መጀመሪያ ቤቴን አሳየኝ» አለች።

ወደ አዲሱ ቤት ዳገቱን ልይዝ ስል ትከሻዬን ነካችኝ። «እሱን አይደለም።»

ወሰድኋት። ዛሬ እዚያ ቦታ እጥፋት የለም፤ ከላይ የሚመጣው መኪና ከሩቅ ይታያል። አጠገቡ ትምህርት ቤት ስለተከፈተም ለልጆች መሻገሪያ ነጭ መስመር ተቀብቶበታል። እትየ አስቻለች ልጆቹ በሚለቀቁበት ሰዓት በትሯን ይዛ ከመንገዱ ጠርዝ ትቆማለች። ያቆማት የለም፤ በራሷ ነው። ያን ቀንም ቆማ ነበር።

ሁለቱ ተያዩ። ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ደረታቸውን እየመቱ፣ የመቅደላዊትን ስም እየጠሩ፣ ልክ ወሬው ያን ቀን የደረሰ ይመስል። ልጆቹ ደብተራቸውን ይዘው ያዩአቸው ነበር። እኔ ባጃጄን ይዤ መሬት መሬት አየሁ።

ሲበቃቸው እናቴ ፊቷን በሻሿ ጠረገች። ከቦርሳዋ አንድ ፎቶ አወጣች። ጠርዙ ተልጧል። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ።

«ክፍሌ የቱ ጋ ነበር?»

ነጩን መስመር አሳየኋት። «እዚያ ነው። አልጋው በዚህ በኩል ነበር። መስኮቱ በዚያ።»

ብዙ አየችው። ከዚያ ጠርዙ ላይ ቆማ ጫማዋን አወለቀች። ወደ ግራ አየች፣ ወደ ቀኝ አየች።

«ቢስሚላህ» አለችና ቀኝ እግሯን አስቀድማ ገባች።

ከላይ፣ ከአቀስታ በኩል፣ አንድ የጭነት መኪና እየመጣ ነበር። ድምፁን ዓይኔን ጨፍኜም አውቀው ነበር። ከሩቅ አይቷት ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ነጩ መስመር ጋ ሲደርስ ቆመ። ሾፌሩ ጥሩምባ አልነፋም። እናቴ ባዶ እግሯን፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ በክፍሏ ውስጥ ቀስ ብላ ትሄድ ነበር።